ከትልቁ ስም በስተጀርባ

ንፋስ ይሉታል፤ ሲሮጥ እግሩ መሬት የሚነካ አይመስልም። በመምህራን ኮሌጅ የጤናና የሰውነት ማጎልመሻ ሠልጣኝ ነው። እናቱ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት።

የሩጫ ፈተናው ሲቃረብ ጉልበቱን አመመው፤ በላዩ ላይ ጉንፋን ያዘው። ለጉልበቱ አንድ እሽግ፣ ለጉንፋኑ ሌላ እሽግ ክኒን ገዛ። አልሻል ሲለው ሁለቱንም በላይ በላዩ ይውጥ ጀመር።

«ኧረ ቀስ! ከረሜላ አደረግከው እኮ» አለው የመኝታ ክፍል ደባሉ።

«ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ነገር ምን ያደርጋል? ደግሞስ የጤና አስተማሪ ልሆን አይደል?» ብሎ ሳቀ።

በፈተናው ዋዜማ ሲያስመልሰው ዋለ። ሲነጋ ግን ቀለል አለውና ሮጦ አንደኛ ወጣ።

ከሰዓት የጤና መምህርቷ ሠልጣኞቹን የመድኃኒት እሽግ ማንበብ ታለማምድ ነበር። «የፊቱን ትልቅ ስም ተዉት። ከጀርባው በደቃቁ የተጻፈውን እዩ።»

ንፋስ ደክሞኛል ብሎ ተኝቷል። ደባሉ ለልምምዱ ያመጣው የእሱን ባዶ እሽጎች ነው። አንዱን ገለበጠ፦ ፓራሲታሞል። ሌላውን ገለበጠ፦ ያው ፓራሲታሞል። እሽጎቹን ይዞ ተነሣ።

«መምህር፣ ሰው ሁለቱንም አብሮ ቢወስድስ? ያውም እጥፍ እጥፉን፣ ቀናት ሙሉ?»

ፊቷ ተለዋወጠ። «የት ነው ያለው?»

አልጋው ላይ አገኙት። «ምን ሆናችኋል? ደህና ነኝ እኮ!»

«ጉበት ሲጎዳ ወዲያው አያሳምም። ተነሥ!» አለችው መምህርቷ።

እህቱ ከፀጉር ቤቷ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ሆስፒታል ደረሰች። «ዶክተር፣ ዛሬ ሮጦ ያሸነፈ ልጅ ነው እኮ!»

ሐኪሙ የደም ውጤቱን ደግሞ አየው። «የመድኃኒቱን ማርከሻ ጀምረንለታል። ግን ዘግይቷል፤ ጠብቀን ነው የምናየው።»

በማግስቱ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ እህቱን አተኩሮ አያትና «እማዬ፣ መጣሽ?» አላት።

«መጣሁ፣ የኔ ጌታ» አለችና እጁን ያዘች። ከዚያ ኮሪደር ወጥታ ሐኪሙን ጠራች።

ብዙ ሌሊት ከተቆጠረ በኋላ አንድ ማለዳ «እትዬ፣ ውኃ» አላት። ሞት እንደ ምንም ለቀቀው፤ ሩጫውን ግን ለጊዜው ከለከሉት።

መምህርቷ ክፍል ተመልሳ፣ «ከእናንተስ ሁለቱን እሽጎች አብሮ የወሰደ አለ?» ብላ ጠየቀች። ከኋላ አንድ እጅ ወጣ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ደባሉም አንገቱን ደፍቶ እጁን አነሣ።