ኖራ ያልነካው ጥግ

ነገ በስምንት ሰዓት ሦስት መቶ ጫጩት ይመጣልኛል! ከነጋ ጀምሮ አንድ ቦታ መቆም አቅቶኝ ከግቢው በር እስከ ዶሮ ቤቱ ስመላለስ ጫማዬ አለቀ። አምና ሃምሳ ዶሮ አልበቃ ብሎኝ ሦስት መቶ ጨምሬ፣ ሁሉም በሁለት ሳምንት ረግፈው ሲያልቁ ጎረቤቱ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እያለ ተሳልቆብኛል። ዘንድሮ አፋቸውን አስይዛቸዋለሁ። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእንስሳት ሐኪሟ ቤቱን አይታ መፈረም አለባት። ካልፈረመች ጫጩት ፈልፋዮቹ ተራዬን ለሌላ ይሰጡታል፣ እኔም እስከ መጪው ዓመት እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ።

ቤቱን ኖራ የቀባው ታናሽ ወንድሜ ነው። ሙያው ቤት መቀባት ነው፤ ግድግዳ ሲያለሰልስ ለጉድ ስለሆነ «ሐር» ይሉታል። አምናም የቀባልኝ እሱ ነበር።

ሐኪሟ ሦስት ሰዓት ላይ መጣች። ልጅ እግር ናት። ግድግዳውን ዞር ዞር ብላ አየች፤ ሐር ደረቱን ነፋ።

«እንዴት ነው ዶክተር? ሳሎን አይመስልም?»

«ሳሎንማ ይመስላል» አለችና ድንገት መሬት ላይ በሆዷ ተኛች። በነጭ ጋዋኗ! ባትሪዋን አብርታ ከቆጡ ሥር ገባች። «እናቴ፣ እስቲ ጎንበስ ይበሉ።»

ጎንበስ አልኩና ክው ብዬ ቀረሁ። ከላይ የሚያበራው ቆጥ ከሥሩ ጥቁር ነው፤ የአምናው ኩስ ደርቆ ተጋግሮበታል። የእንቁላል መጣያው ሳጥን ጀርባም እንዲሁ ነው።

«ሰው የማያየውን ቦታ ማን ይቀባል?» አለ ሐር። ከልቡ ነው የጠየቀው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቀባው እንግዳ የሚቀመጥበትን ቤት ነው፤ በቁምሳጥን ጀርባ ቀለም ማባከን በእሱ ሙያ ነውር ነው።

«ዶሮዋ ታየዋለቻ!» አለች ሐኪሟ። «በሽታው የሚከርመው እዚህ ነው። ይፋቅ፣ ይታጠብ፣ ከዚያ ኖራ ይቀባ። ደግሞ እርጥብ ኖራ የጫጩት እግር ያቃጥላል። ነገ በስድስት ሰዓት እመለሳለሁ፤ ደርቆ ካገኘሁት እፈርማለሁ።»

እሷ ስትሄድ ሐር ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«እትዬ፣ ያምናዎቹ... በኔ ነው ያለቁት?»

ልዋሽለት ፈልጌ ነበር፤ ምላሴ ግን ለውሸት አይመችም። «ሳይሆን አይቀርም» አልኩት። «አሁን የምናዝንበት ጊዜ የለንም፣ መፋቂያውን አንሳ!»

ምን ልበላችሁ! እሱ በጀርባው ተንጋሎ ከቆጡ ሥር ይፍቃል፣ ኩሱ ፊቱ ላይ ይረግፋል። እኔ በርሜሉ ዘንድ ቆሜ ኖራውን በጥቂት በጥቂቱ ውሃው ውስጥ ስጨምር ተንተከተከ፣ ጨሰ። ሐር ቶሎ እንዲደርስ ብሎ ጆንያውን ባንዴ ሊገለብጠው ሲል እጁን መታሁት። «ተው! ዓይንህን ሊያጠፋው ነው! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!» የተፋቀውን አጥበን፣ ኖራው ሲበርድ አጠለልነውና በየስንጥቁ እየጠቀጠቅን ቀባነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረስን። ግን ቤቱ ነፋስ የለውም፣ እስከ ነገ አይደርቅም።

ሐር ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። «ለምን አንገልጠውም?»

በማግስቱ ማለዳ ስድስት ቆርቆሮ ነቅለን አወረድን። ፀሐይዋ ዘው ብላ ገባች! ጎረቤቶቼ በአጥር ላይ እየተንጠራሩ «ደግሞ ቤቷን ማፍረስ ጀመረች» ሲሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ክዳኑን መልሰን መታነው።

ሐኪሟ በቀጠሮዋ መጣች። መዳፏን ከቆጡ ሥር ሰዳ ዳበሰችው። ደርቋል። ፈረመች! እልልታዬን አቀለጥኩት፤ ሐኪሟም ሳቋ አመለጣት።

መኪናው ሲደርስ የጫጩቶቹ ድምፅ ግቢውን ሞላው። ሐር ግን ጥግ ይዞ ቡሩሹን ያጥባል። ቡሩሹ ንጹሕ ከሆነ ቆይቷል።

«ና እንጂ!» አልኩት።

«አንቺ አስገቢያቸው፣ እትዬ። የኔ እጅ ጥሩ አይደለም።»

ተናደድኩ፤ አንጀቴንም በላኝ። የመጀመሪያውን ካርቶን ከመኪናው አንስቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ሞቃት ነው፣ ውስጡ ይንጫጫል።

«ቤታቸውን ያዘጋጀኸው አንተ ነህ። ክፈትላቸው!»

አቅፎት ገባ። ቆጡ አጠገብ ተንበርክኮ፣ ኖራ በላጠው ጣቱ ክዳኑን ከፈተው።