የወልዴ ግራ ጉንጭ

ደብሪቱ የታተመውን ምስል ይዛ ብዙ ካየችው በኋላ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው።

"ይኼ ወልዴ አይደለም" አለች።

ህሊና መርሳ ከተማ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር በተከራየቻት ክፍል፣ የሰዎችን ፊት ከትንሽ ፎቶ እያየች በኮምፒውተር ትስላለች። የደብሪቱ ባል ወልዴ ዕድሜውን በጭነት መኪና ላይ የጨረሰ ሾፌር ነበር። ከመንጃ ፈቃዱ ጉርድ ፎቶ በቀር የተወው ምስል የለም። ተዝካሩ በማግስቱ እሑድ ውርጌሳ ላይ ይወጣል። ደብሪቱ ምስሉን ዳሱ ውስጥ ልታቆመው ነበር።

"ወንድሜ ከሞተ በኋላ ነው ያማረበት" አለ ጌትነት። የወልዴ ታናሽ ነው፤ እሱም ሾፌር። በሩ ላይ ተቀምጧል።

"አንተ ዝም በል። እኔ ሙሽራ አላዘዝሁም፤ ባሌን ነው ያልሁት።"

ህሊና ጥፋቷ የት እንደሆነ ወዲያው ገባት። የሞተ ሰው ፎቶ ይዞ የሚመጣ ሁሉ አሳምሪልኝ ይላል፤ ማሳመር ማለት ደግሞ ማቅላት ነው። ወልዴን ማንም ሳይጠይቃት አቅልታዋለች። የካሜራው ብልጭታ ፊቱን እንደ ሳህን ለጥ አድርጎት ስለነበር ጥላውንም በግምት ቀብታ፣ እንደ ስስ ወረቀት የተነባበሩትን ሌየሮች ሁሉ አንድ ላይ አዋህዳ አስቀምጣቸዋለች። አሁን ጥላውን ብቻ ልንካ ብትል ከቆዳው አይለይላትም።

ደብሪቱ የሌላ ሰው ፊት ከማቆም ቢቀር ይሻላል ብላ ነጠላዋን አጣፋች። ህሊና መንገዷ ላይ ወንበር ሳበች።

"ይቀመጡ፣ እትዬ ደብሪቱ። ሳላወጣው አይሄዱም።"

ምስሉን የሚያትመው የወልድያ ማተሚያ ቤት ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ስለማይሠራ እስከዚያ መድረስ አለበት። ህሊና ከመጀመሪያው ጀመረች። በዚህኛው ጊዜ ፊቱን ለብቻ፣ ጥላውን ለብቻ አደረገች። በጥላው ሌየር ላይ ማስክ ጣለች። ማስኩ እንደ መጋረጃ ነው፤ ነጭ ሲቀቡት ጥላው ይታያል፣ ጥቁር ሲቀቡት ይሸሸጋል፣ ግራጫ ሲቀቡት እንደ ግራጫው መጠን ሳስቶ ይወጣል። ቢሳሳቱም ፊቱ አይነካም። ከዓይኑ ሥር፣ ከአፍንጫው ጎን፣ ከአገጩ በታች እያሳሳች ሄደች። ጠፍጣፋው ፊት አጥንት አበጀ።

ደብሪቱ ተጠጋች። ቀርቧል አለች፤ ግን ገና ነው። ምን እንደጎደለው ስትጠየቅ መዳፏን በግራ ጉንጯ ላይ አደረገች።

"ይኼኛው ሌላ ነበር።"

ህሊና በግራ በኩል ጥላ ጨመረች። ወልዴ ከግድግዳ ጀርባ የቆመ መሰለ። ደብሪቱ ራሷን ነቀነቀች። ህሊና አጠፋችው፤ ደግማ ቀባችው፤ ደግማ አጠፋችው። ዓይኗን ልታሳርፍ ወደ በሩ ዞር ስትል ጌትነትን አየችው። የግራ ጉንጩና የግራ ክንዱ ከቀኙ ይልቅ ጠቁረዋል። ወደ ብርሃኑ ጠጋ እንዲል ለመነችው።

"የመስኮት ፀሐይ ነው" አለ እየሳቀ። "ሾፌር ሁሉ እንደዚሁ ነው። ወልዴማ ከእኔ ይብስ ነበር።"

"እስካሁን ለምን አልነገርኸኝም፣ ጋሼ ጌትነት?"

"ማን ጠየቀኝ?"

ጥላ አልነበረማ፤ ቆዳው ነው። ህሊና ለፀሐዩ ጥቁረት የራሱን ሌየር ከፈተች፤ የራሱን ማስክ ጣለችበት። ጠርዙን በስስ ግራጫ ወደ አፍንጫው አቀለጠችው። መጀመሪያ በዛና ማድያት መሰለ። ቀነሰችው፤ ከነጭራሹ ጠፋ። ጥቂት መለሰች። እንደገና ጥቂት።

"እዚያ ላይ ተይው" አለች ደብሪቱ። ድምጿ ዝቅ ብሏል።

ጌትነት ተነስቶ አየ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ሰው ምን ይላል፣ ታሞ የሞተ ይመስላቸዋል፣ ትንሽ አቅልይው ሲል ተሟገተ። ዳሱ ሙሉ እንግዳ ነው የሚመጣው። ህሊና እጇን ከማውሱ አነሳች።

"አላቀላውም" አለች። "ከዚህ ከቀነስሁት ወልዴ አይሆንም።"

ጌትነት ወደ ደብሪቱ ዞረ። እሷ ወደ እሱ አልዞረችም።

"እታለም፣ እንደዚሁ ይታተም?" ሲል ጠየቃት።

"እንደዚሁ።"

ጌትነት ምስሉ ያለበትን ፍላሽ ተቀብሎ ወደ ወልድያ በሚሄደው ሚኒባስ ገባ። ደብሪቱ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አዙራ ወልዴን እያየች ተቀመጠች። ሌላ ደንበኛ መጥቶ በር ላይ ቆመ። ህሊና ሰኞ ና አለችው።