ጠብቃ የምትነበብ ለ

ሰናይት ማተሚያው ያወጣውን ወረቀት ለሦስተኛ ጊዜ ስትገነጥል፣ የጉለሌው ፋብሪካ ካድሬ ጓድ ግዛቸው ከኋላዋ ቆሞ ነበር።

“አሁንም አለ?”

“አለ፣ ጓድ።”

ዓምሃን ማለቱ ነው። ዓምሃ ከግንባር የተመለሰው አንድ እግሩን ትቶ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ለአዲሱ ዘመቻ ከሚጠሩት ሠራተኞች መካከል አራተኛ አድርጎ አሰልፎታል። ዝርዝሩ ከምሳ በፊት ከፍተኛ ጽሕፈት ቤት መድረስ አለበት።

“ባለ ክራንቹን መትረየስ ልናሸክመው ነው? ይሄ ስህተት አይደለም፣ አሻጥር ነው። የቀሪዎችን ፋይል ማን ነው የጻፈው?”

ሰናይት እያየሁት ነው ብላ አለፈችው። ከዘመቻው የሚቀሩትን ሰዎች ስም የያዘውን ያን ፋይል የጻፈው ጥግ ላይ ካርድ የሚደረድረው ኢታና ነው። በጸሎት ቤታቸው ሰበብ ሁለት ዓመት ታስሮ ከተፈታ ገና መንፈቁ ነው፤ አሻጥር ከተባለ ተመልሶ ይገባል።

ፋይሉን ከፈተችው። የዓምሃ ስም አለ። እንግዲያው ማሽኑ ፋይሉን አላነበበውም ማለት ነው። ዝርዝሩን የሚያወጣውን የትእዛዝ ጽሑፍ ያዘጋጀችው እሷ ራሷ ናት፤ መጀመሪያው ላይ “የጉለሌን የቀሪዎች ፋይል ፈልግ፤ ካለ አንብብ፣ ከሌለ እለፍ” ይላል። ማሽኑ ፋይሉን አጥቶ፣ ትንፍሽ ሳይል አልፎ ነበር።

በትእዛዙ ውስጥ ያለውን የፋይሉን ስም ከራሱ ከፋይሉ ስም ጋር ፊደል በፊደል አስተያየች። ወደ ኢታና ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

“ጉለሌን በሁለት ኤል ነው የጻፍከው?”

“ታዲያስ? ለ ትጠብቃለች እኮ። አንቺ አላልተሽ ነው የምትጠሪያት?”

አይደለም፤ እሷም አጥብቃ ነው የምትጠራት። ግን አማርኛው የጠበቀውንም የላላውንም በአንድ ለ ይጽፋል፤ እጇም በላቲኑ ያንኑ ደገመ። ኢታና ነገሩ ሲገባው ካርዶቹ ከእጁ ተበተኑ።

“እኔ ነኛ?”

“ካርድህን ልቀም።”

ከእሱ ፋይል ስም አንድ ኤል መቀነስ ይቻል ነበር። ሰናይት በራሷ ትእዛዝ ላይ አንድ ጨመረች። ማተሚያው ሲንጫጫ ቆይቶ ዝም አለ። ዓምሃ የለም።

ግዛቸው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ የብልሽት መዝገቡን ከፊቷ ዘረጋ።

“ሳታድበሰብሺ ጻፊ። የማን ጥፋት ነው?”

ማሽኑን ከሌለ እለፍ ብላ ያዘዘችው እሷ ናት፤ ይህን ማንም አያውቅም። “ጥፋተኛ” ከሚለው ትይዩ፣ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች።