ሙሾ በኦርጋን

ዘፋኙን ወንዱን ሰው ያደረገው ኮቱ ነው፤ ኮቱን የሰፋሁለት ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ እሱን ለመስደብ ከማንም በላይ መብት አለኝ።

ሐይቅ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። ወንዱ የታናሽ ወንድሜ የመልአኩ ጓደኛ ነበር። አንድ ቀን ከቀበሌ መጋዘን ያወጣውን አሮጌ ኦርጋን ታቅፎ መጣ። በደርግ ጊዜ የኪነት ቡድኑ ይጫወትበት የነበረ ነው፤ የተወሰነው ቁልፍ ተነቅሏል፣ የቀረው ሲነካ በአፍንጫው እንደሚያወራ ሰው ይነፋነፋል።

«እት ጥሩ፣ ከእንግዲህ በዚህ ነው የምዘፍነው» አለኝ።

«ባንዱስ?»

«ባንዱ እኔው ነኝ።»

እውነቱን ነው። ከበሮው ከአንዲት ትንሽ ሳጥን ይወጣል፣ ቤዙን በግራ እጁ ይመታል፣ ክራሩንም ዋሽንቱንም ከዚያው ከኦርጋኑ ይፈለፍላል። ቀጥሎ የአባቱን የወጣትነት ፎቶ አውጥቶ እንደዚህ ያለ ኮት ስፊልኝ አለ። ስፖንጁን ከአሮጌ ፍራሽ ቆርጬ ትከሻውን ሞላሁለት። ለብሶት ሲወጣ በሩ ጠበበው፤ መልአኩ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ወንዱ አልሳቀም።

ሰው የሚናፍቀው የኖረበትን ነው። ወንዱ ግን ሳይወለድ ያለፈውን ዘመን ነበር የሚናፍቀው። ካሴት ሲዞር የሚሰማውን ሽሽታ ሳይቀር ሆን ብሎ በኮምፒውተር ይጨምርበታል። እኛ በእስክሪብቶ እየጠመዘዝን የተማረርንበትን ካሴት! አዲስ አበባ ሄዶ በዚህ ታወቀ። የድሮው ድምፅ ተመለሰ አሉለት። መድረክ ላይ ብቻውን፣ በዚያ ኮትና ፊቱን በሚሸፍን መነጽር፣ ሳይስቅና ሳይነቃነቅ ሲቆም እንደ ትልቅ ጥበብ ተቆጠረለት። እስክስታ ስለማይችል እንደሆነ የምናውቀው እኛ የሐይቅ ሰዎች ብቻ ነን።

ይሁን። በዚህ አንጣላም ነበር። የተጣላነው በእናቴ ነው።

እናቴ ሰብለወንጌል አልቃሽ ናት። ትውልዷ አምባሰል ነው፤ ለቅሶ ቤት ገብታ አንዴ ድምፅ ካወጣች እንባ የሌለው ሰው እንኳን ፊቱን ይሸፍናል። ለአንዱ ሟች ያወጣችውን ሙሾ ለሌላው አትደግምም። «የእሱ ነው፤ ይዞት ይሄዳል» ትላለች። ሰው ሳይሞት ደግሞ ሙሾ ከአፏ አይወጣም። ልጅ ሆነን ስንጫወት አንዷን ስንኝ ካንጎራጎርን በያዘችው ነገር ነበር የምትመታን፤ ሙሾ ያለ ሟች ከተሰማ ሟች ይጠራል ብላ ታምናለች። እኔ ስፌት ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ እንኳን ደፍሬ አላውቅም።

መልአኩ ውጫሌ ቁልቁለት ላይ የሚነዳው የጭነት መኪና ተገልብጦበት ሞተ። ሹፌር ነበር። ያን ቀን እናቴ ከመኪናው የመጣላትን ኮቱን ታቅፋ ለገዛ ልጇ አለቀሰች። ካለችው ሁሉ ይቺን ብቻ ልጻፍ፤ እሷንም የምጽፋት አገር ስለሰማት ነው።

የውጫሌ መንገድ ምን በደልኩ ይለኛል፣
ልጄን አስቀርቶብኝ ኮቱን ልኮልኛል።

ወንዱ ከአዲስ አበባ ደርሶ ነበር። ከእናቱ ከእትዬ ፋሲካ ጋር ድንኳናችን ውስጥ ተቀምጦ አለቀሰ፤ እኔንም አቅፎ አለቀሰ። እንባው የውሸት ነበር አልልም። ግን ስልኩ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበረች፣ እየቀዳች።

ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ዘፈኑ ወጣ። መጀመሪያ የሰማሁት የጎረቤት ሰርግ ላይ ነው። ያ ሽሽታ መጣ፣ ያ የሳጥን ከበሮ ተከተለ፣ ከዚያ የእናቴ ድምፅ «የውጫሌ መንገድ» አለ። ኦርጋኑ በአምባሰል ቅኝት እየተነፋነፈ ተቀበላት። ወንዱም «ነይ በዚያው መንገድ» እያለ ለአንዲት ቆንጆ ዘፈነ። ሙሽራዋ ትከሻዋን ሰበቀች፤ ድንኳኑ በእልልታ ቀለጠ። እኔ ሳህኔን አስቀምጬ ወጣሁ።

እናቴ እንዳትሰማው ያላደረግሁት ነገር የለም። እግሯን ያማታል እያልኩ ሰርግ አስቀረኋት። ባጃጅ ስንሳፈር ቀድሜ ሬዲዮውን አዘጋለሁ። ቤት ያለውን ቴሌቪዥን ተበላሸ ብዬ ገመዱን ደበቅሁት። ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እሷ ብቻ አታውቅም። ሲያዩኝ የሚያዝኑልኝ አሉ፤ «የእናትሽ ድምፅ ምን ያምራል!» የሚሉኝ ግን ይበዛሉ። እነዚያን አፋቸውን በመርፌ ብሰፋው ደስታዬ ነበር።

ምስጢሩ የወጣው ግን በለቅሶ ቤት ነው። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን አርፈው እናቴ ልታለቅስላቸው ቆመች። ድምፅ ልታወጣ ስትል የኑርዬ ስልክ ጮኸ። ኑርዬ ደህና ሰው ነው፣ ሱቁ ከስፌት ቤቴ ፊት ለፊት ነው፤ ዘፈኑን የስልክ መጥሪያ አድርጎታል። ከጀለቢያው ኪስ ውስጥ የእናቴ ድምፅ በከበሮ ታጅቦ ወጣ፦ የውጫሌ መንገድ ምን በደልኩ ይለኛል። ኑርዬ ስልኩን እስኪያወጣ ሁለተኛው ስንኝ ደረሰ። ከኋላ የተቀመጡ ልጃገረዶች ትከሻ፣ እምላለሁ፣ ተነቃነቀ።

«ወላሂ እማማ ሰብሌ፣ አፉ በሉኝ፣ ሆን ብዬ አይደለም» አለ ኑርዬ፤ ላብ አጠመቀው።

እናቴ አላየችውም። እኔን ነው ያየችኝ። እንደማውቅ ከፊቴ አነበበችው። ያን ቀን ለሽማግሌው ሳታለቅስ ወጣች፤ በሕይወቷ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ከዚያ በኋላም ሰው ሲሞት ሊጠሯት ሲመጡ «ድምፅ የለኝም» ማለት ጀመረች። ለመልአኩ ሙት ዓመት እንኳን አፏን ዘግታ ተቀመጠች። አፏን ብትከፍት ከበሮው የሚከተላት ይመስላታል። ልጇን ከቀበረች በኋላ የቀረቻት ያቺ ለቅሶዋ ነበረች፤ እሷንም ወንዱ ወሰደባት።

ወንዱ «ወደ ሥሬ ተመለስኩ» የሚል ፖስተር አስለጥፎ ሐይቁ ዳር ኮንሰርት ሊያሳይ መጣ። እኔም ቀድሜ ልሄድበት ስነሳ እሱው ስፌት ቤቴ ገባ። የኮቱ ትከሻ ወርዶ ላሳድሰው ብሎ!

«ዘፈኑን አውርደው» አልኩት፣ ሰላምታውን ሳልቀበል።

«እት ጥሩ፣ ተረጋጊ እስቲ። መልአኩን እኮ ሕያው አደረግሁት። ስንት ሰው እንደሚያውቀው ታውቂያለሽ?»

«ማንም አያውቀውም። የሚያውቁት ትከሻቸውን ነው።»

«ዜማ የማንም አይደለም። አምባሰል የአገር ቅኝት ነው።»

«ቅኝቱን ውሰደው፤ እናቴን መልስ!»

ኮቱን ፊቱ ላይ ወረወርኩት። እሱ ግን በእርጋታ አጣጥፎ ይዞ ቤታችን ድረስ ሄደ፤ እኔም እየተሳደብኩ ተከተልኩት። እናቴ ደጃፍ ላይ ምስር ትለቅማለች። ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ።

«እማማ ሰብሌ፣ እሁድ መድረክ ላይ እንዲወጡልኝ ነው የመጣሁት። ሕዝቡ ማን እንደሆኑ ይወቅ። በራስዎ አፍ ይበሉት፣ እኔ አጅብዎታለሁ። እናቴም ከፊት ትቀመጣለች።»

እናቴ ምስሯን መልቀሙን አላቆመችም። «ያው ያንን ነው የምልልህ?» አለች።

«ያሰኘዎትን ይበሉ። ከአፍዎ የሚወጣው ሁሉ ወርቅ ነው።»

«እሺ፤ እመጣለሁ።»

ከሄደ በኋላ ያልተናገርኳት ነገር የለም። ልጅሽን ለጭፈራ ሰጠሽው አልኳት። ጭብጨባ አማረሽ ወይ አልኳት። ሰፌዱን አንስታ ገባች። እስከ እሁድ ድረስ አላናገርኳትም፤ እሷም አላባበለችኝም።

እሁድ ከሰዓት ሐይቁ ዳር የሰው መዓት ነበር። ከወገልጤና እና ከውጫሌ በአውቶቡስ የመጡ ወጣቶች ሣሩን ሞልተውታል። ፊት ለፊት ወንበር የተሰጣቸው የሰፈራችን እናቶች ናቸው፤ ከመሀላቸው እትዬ ፋሲካ፣ ጥለቱ የሚያበራ አዲስ ነጠላ ለብሳ፣ እንደ ሙሽራ እናት ግራ ቀኝ ሰላም ትላለች። እናቴና እሷ አብረው ያደጉ ናቸው። መልአኩ የሞተ ጊዜ እናቴን ከመሬት የምታነሳት እሷ ነበረች። በእሷ ላይ ቂም አልነበረኝም።

ወንዱ ዘፈኑን ለመጨረሻ አቆየው። ከዚያ እናቴን በስሟ ጠራት፤ ጭብጨባው ሐይቁን ተሻገረ። ደግፎ አወጣትና ማይኩን በእጇ ሰጣት። የሳጥኑን ከበሮ ለቀቀው፣ ኦርጋኑን ነካው። ሕዝቡ ቃሉን ስለሚያውቀው እሷ ሳትጀምር «የውጫሌ መንገድ» እያለ ቀደማት። እናቴ እስኪጨርሱ ጠበቀች። ቀስ ብላ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ አዘቀዘቀች፣ ወገቧ ላይ አሰረች። ወንዱ ይህንንም ለትርኢቱ ያደረገችው መስሎት ራሱን ነቀነቀ።

ሐይቅ ዳር ቆማችሁ ምንድነው ጭፈራው፣
ወንዱ መሞቱን ነው እኔ የማወራው።

ወጣቶቹ ጨፈሩ። አዲስ ግጥም መስሏቸው በፉጨት ተቀበሏት። እናቶቹ ግን ደነዘዙ። ከበሮው ስር የነበረውን ድምፅ ያውቁታል፤ የሰርግ አልነበረም፣ የመልአኩም አልነበረም፤ ለአዲስ ሟች የወጣ ሙሾ ነበር። እናቴ ደረቷን መታችና ወደ ፊተኛው ወንበር ዞረች።

ብቻውን ዘፈነ፣ ብቻውን ሞተና፣
ፋሲካ ተነሺ፣ ልጅሽ አርፏልና።

እትዬ ፋሲካ ተነሳች። ልጇ ቆሞ ዓይኗ እያየው ነው፤ ግን በእኛ አገር አልቃሽ ስምሽን ከጠራች ተቀምጠሽ አትቀሪም፤ እግርሽ አይጠይቅሽም። «ወንዱዬ! ልጄን! ልጄን!» ብላ አዲሱን ነጠላዋን ከላይዋ ቀድዳ ጣለች። አጠገቧ ያሉት ሴቶችም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየጮሁ ተነሱ፤ አንዷ እትዬ ፋሲካን ያዘቻት፣ ሌላዋ ፊቷን እንዳትቧጥጥ እጇን ያዘች። ይህንን ማን እንዳዘዛቸው አያውቁም። ከኋላ ምን እንደሆነ ያልሰሙ ወንዶች ኮፍያቸውን አወለቁ። ጭፈራው ከፊት ወደ ኋላ እየሞተ ሄደ፤ የቀረው ከበሮው ብቻ ነበር።

ወንዱ ማይክ የለውም። ከኦርጋኑ ጀርባ ሆኖ «እማዬ፣ አለሁ! እዚህ ነኝ፣ አለሁ እኮ!» እያለ ይጮሃል። ማን ይስማው! ሳጥኑን ለማጥፋት ሲቸኩል ሌላ ቁልፍ ነካ፤ ከበሮው ፈጠነ። በመጨረሻ ገመዱን ነቅሎ ከመድረክ ዘለለና እናቱን አቀፋት። ፊቱን በሁለት እጇ ዳበሰችው፣ ዓይኑን፣ ጉንጩን። ለቅሶዋ ግን አልቆመላትም። ቆሞ በሕይወት ያለውን ልጇን እያየች ነው የምታለቅሰው።

ደስ አለኝ። መደበቅ አልችልም፣ ሙሉ ሰውነቴ ነው ደስ ያለው። የእትዬ ፋሲካ ራስ መሸፈኛ ወድቆ ነጭ ፀጉሯን ሳይ ደግሞ የተደሰትኩበትን ነገር ጠላሁት፤ ግን ደስታው አልሄደም።

እናቴ ደረጃውን ይዛ ብቻዋን ወረደች። ሴቶቹ መንገድ ከፈቱላት። ወንዱ እናቱን እንደደገፈ ቀና አለ፤ መነጽሩ ወድቆ፣ ዓይኑ ቀልቶ።

«ምን አድርጌዎት ነው፣ እማማ ሰብሌ?» አላት። የምሩን ነበር የጠየቃት።

እናቴ ማይኩን እጁ ላይ አኖረችለት።

«እንካ። የእናትህም ለቅሶ ምን ያህል እንደሚያምር ስማ፤ ይህንንም ቅዳው» አለችው።