ክምሩን በግራ የዞሩት

አቶ ሼራብ ሐሙስ ሐሙስ ከቤልቪው ከተማ በሁለት አውቶቡስ ይመጡና ኮፍያቸውን ሳያወልቁ ፕሮጀክተሩ ፊት ይቀመጣሉ። እኔ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የስላይድ መዝጋቢ ነኝ። አንድ ፈረንጅ መንገደኛ በ1986 በቲቤት ደጋ፣ አምዶ በሚባለው አገር ያነሳቸውን ዘጠኝ መቶ የፊልም ስላይዶች ተናዞልን ሞተ። ቢጫ ሣር፣ ጥቁር ድንኳን፣ መሬት የሚጠርግ ጸጉር ያላቸው ከብቶች። የትኛው የት እንደሆነ ግን አልጻፈም። አቶ ሼራብ የዚያ አገር ሰው ስለሆኑ እሳቸው ይነግሩኛል፣ እኔ እጽፋለሁ።

ለእኔ ሥራ ነው። እሳቸው የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሃያ ስምንት ዓመታቸው ጥለውት የሸሹት ገዳም ቆሞ እንደሆነ ማወቅ። የነገራቸው ሰው የለም።

በሌሎቹ ቀናት የማወራው ከበሩ ጠባቂ፣ ከአገሬ ልጅ ከአክሊሉ ጋር ብቻ ነበር።

«ኖሊ፣ መነኩሴሽ መጡልሽ!»

«ድሮ ነው መነኩሴ የነበሩት። አሁን ልጅ አላቸው።»

«ሶ፣ እኛ አገር ወልዶ ከብዶ ነው የሚመነኮሰው። እሳቸው ከኋላ ጀመሩታ!»

አንድ ሐሙስ ቁጥር 412ን አስገባሁ። በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ሐይቅ፣ ጨርቅ የተንጠለጠለበት የድንጋይ ክምር፣ ክምሩን የሚዞሩ ሰዎች፣ ራቅ ብሎ ግድግዳ። አቶ ሼራብ ወደፊት አዘነበሉ። ከዚያ ወንበሩን ተደገፉ።

«አይደለም። የኛ ሐይቅ ከተራራው በስተግራ ነው። ደግሞ ሰዎቹን እያቸው።»

«ምን ሆኑ?»

«ክምሩ በግራ እጃቸው በኩል ነው። እኛ የተቀደሰ ነገር ስንዞር ቀኛችንን ሰጥተን ነው። እንዲህ የሚዞሩት ቦኖች ናቸው፤ የጥንቱን ሃይማኖት የያዙ። በኛ ሸለቆ አንድም አልነበረም።»

«ኦኬ፣ ቦን» ብዬ ጻፍሁ።

«ምን ያስቸኩልሻል?»

«ዘጠኝ መቶ ነው እኮ፣ አቶ ሼራብ።»

ሰኞ 412ን በማጉያ መነጽር ሳየው ጥጉ ላይ የቆመ የጭነት መኪና አገኘሁ። የታርጋው ቁጥር በመስታወት እንደሚታይ ወደኋላ ነው የተጻፈው። ሻጋታ የበላውን የካርቶን ፍሬም ጥዬ ፊልሙን በአዲስ ፍሬም ስከት ገልብጬዋለሁ። ያን ቀን አርባ ፊልም ከትቼ ኮርቼ ነበር። አዙሬ አስገባሁት። ሐይቁ ወደ ግራ ሄደ፤ ሰዎቹም ለክምሩ ቀኛቸውን ሰጡ።

ገዳማቸው ነበር ማለት ነው፤ ግድግዳዎቹ ግን ጣሪያ አልነበራቸውም። በአንዱ ውስጥ በጎች ቆመዋል።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። አምስት መቶ ያህል ስላይድ ይቀራል፤ ያ ማለት ከእሳቸው ጋር ብዙ ሐሙስ ነው። ይህን ማሰላሰሌ ራሱ አናደደኝና ኮል አደረግሁላቸው።

ማክሰኞ ጠዋት መጡ።

«ስህተቱ የእኔ ነው። ገልብጬው ነበር» አልኋቸው።

ተነስተው ምስሉ ወዳረፈበት ግድግዳ ተጠጉ፤ ጥላቸው ተራራውን ሸፈነው። በጣታቸው ነካ ነካ እያደረጉ ይነግሩኝ ጀመር።

«ይህ የመጻሕፍቱ ቤት ነው። ይህ ወጥ ቤቱ። በጎቹ ያሉበት ጸሎት ቤቱ ነው።»

ሁሉንም ጻፍሁ። ሲጨርሱ ወደ ክምሩ ተመለሱ።

«ስንት ሰው ነው የሚዞረው?»

«ሰባት።»

«ስምንት ነው። አንዷ አዝላለች።»

ያዘለችውን ሴት ሳያት ቆየሁ። አላየኋትም ነበር፤ ማለቴ ልጁን።

«አሁን ጨረስን» አሉ።

«ሌላ አምስት መቶ አለ።»

«እሱ የሌላ ሰው ሸለቆ ነው። የኔን አየሁት።»

እጄን ጨብጠው ሄዱ። የሚቀጥለው ሐሙስ አልመጡም፤ ከዚያ በኋላ ባለውም። ስልክ መደወል እችል ነበር፤ ምን ብዬ እንደምጠይቃቸው ግን አላወቅሁም። ብቻዬን 413ን አስገባሁ። ሌላ ተራራ፣ ሌላ ክምር፣ ማንም የማይዞረው። «ቦታው አልታወቀም» ብዬ ጻፍሁና ወደ 414 አለፍሁ።