ኖሪስ አይበላም

ኖሪስ ቤታችን ከገባ ሃያ ሦስት ቀኑ ነው፤ እስካሁን አንድም ነገር አልቀመሰም። ኖሪስ የልጄ የብሪዲ ዘንዶ ነው፤ ርዝመቱ ከክንዴ አይበልጥም። ለልደቷ የገዛንላት እዚሁ ከተማችን ባንዳበርግ ውስጥ እባብ ከምታረባ ብሮንዊን ከምትባል ሴት ነው። እባብ የማሳደጊያ ፈቃዱ ግን የወጣው በእኔ ስም ነው። በዚህ ዕድሜዬ ማንበብና መጻፍ ከተማርኩ ወዲህ ማንም ሳይረዳኝ በገዛ እጄ የሞላሁት የመጀመሪያው ቅጽ እሱ ነው። ስለዚህ ኖሪስ ቢሞት ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።

ረቡዕ ዕለት ብሮንዊን በስልክ «እስከ ቅዳሜ ካልበላ መልሱልኝ» አለችኝ። ብሪዲ ይህን ስትሰማ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

ሐሙስ ጠዋት ከፍሪዘር፣ ከአተሩ አጠገብ፣ ለኖሪስ ቀለብ ከገዛናቸው በረዶ የሆኑ አይጦች አንዱን አወጣሁ። ለብ ባለ ውሃ ነክሬ በረዶው ሲለቀው፣ በረንዳ ላይ ተቀምጬ በጸጉር ማድረቂያዬ አደርቀው ጀመር። ጎረቤታችን መርቭ አገጩን አጥሩ ላይ አስደግፎ ያየኛል።

«አንቺ፣ ፀጉሩን ሠርተሽ ልትድሪው ነው እንዴ?»

«አትሳቅብኝ መርቭ። እባቡ አልበላ ብሎኛል።»

«የዶሮ ሽታ ይወዳሉ። ዶሮ ላይ አሽተሽ ስጪው።»

«የማን ዶሮ ላይ?»

«ከቤሪል ሌላ ማን አለኝ?»

ቤሪልን ግቢውን ሙሉ አሳደድናት። መርቭ ተንሸራቶ ቲማቲሙ ላይ ቁጭ አለ። በመጨረሻ ይዘናት አይጡን ከክንፏ ሥር ሳሸው፣ ቤሪል ነጥቃኝ ሮጠች።

«ቢያንስ እሷ ትበላለች» አለ መርቭ ቲማቲሙን ከሱሪው እየጠረገ።

ሁለተኛውን አይጥ አጥብቄ ይዤ አሸሁት። ወደ ቤት ወስጄ በመቆንጠጫ ይዤ ኖሪስ ፊት ወዘወዝኩለት። አየው፤ እኔንም አየኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ሳጥኑ መስታወት አዞረ።

ወደ ብሮንዊን ደወልኩ።

«በቀን ስንት ጊዜ ታዪዋለሽ?» ስትል ጠየቀችኝ።

«አልፎ አልፎ።»

ብሪዲ ከኋላዬ ሆና ትሰማ ኖሮ ጮኸች። «ዛሬ ብቻ ከምሳ በፊት አሥራ አንድ ጊዜ! በኩሽና ሚዛን መዝናዋለች! ቀዝቅዞታል ብላ የሹራብ እጅጌ አልብሳዋለች!»



«የሰጠኋችሁን ወረቀት አላነበብሽም?» አለች ብሮንዊን።

«አንብቤዋለሁ! ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ አንድ ቃል አልዘለልኩም።»

«ጀርባውንስ?»

ወረቀቱን ከፍሪጁ በር ላይ አንስቼ ገለበጥኩት። እውነትም ጽሑፍ አለው። እያንዳንዱን ቃል በጣቴ እየተከተልኩ ጮክ ብዬ አነበብኩ። አዲስ እባብ ይፈራል። ሳጥኑን በጨርቅ ሸፍኑት። አንድ ሳምንት አትንኩት፤ አትዩት።

«በቃ፣ አንድ ሳምንት ጨምሬላችኋለሁ» አለችኝ ብሮንዊን። «ግን ካንቺ ይራቅ።»

ሳጥኑን በፎጣ ሸፈንኩት። ያን ሳምንት የታጠበ ልብስ ደግሜ አጠብኩ። ንጹሕ መስኮት ወለወልኩ። ወደዚያ ክፍል ባለፍኩ ቁጥር ብሪዲ «እማዬ፣ እጅሽን ከበሩ!» ትለኛለች።

ሳምንቱ ሲሞላ ብሪዲ ብቻዋን አይጥ ይዛለት ገባች። እኔን ከመርቭ ጋር ግቢ አስቀመጠችኝ። መርቭ ስለ ቲማቲሙ ያወራልኛል፤ አንድም አልሰማሁትም። ብሮንዊን መጥታ ስትወስደው፣ ልጄ ዳግም በሯን ስትዘጋ ይታየኛል።

ብሪዲ በሩጫ ወጣች።

«ዋጠው እማዬ! ሙሉውን!»

«ልየው!»

«አይሆንም! እስኪፈጨው ሁለት ቀን አይረበሽም።»

«ከበሩ ሆኜ? በአንድ ዓይኔ ብቻ?»

«በአንድም አይሆንም!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «እኛው ጋ ሊቀር ነው እማዬ። የትም አይሄድም።»

ጭንቅላቷን ሳምኳት። ዓይኔን እንባ ሞላው። አላስችለኝ አለ።

«አንድ አይጥ ብቻ ይበቃዋል ግን?»