የእመት ዘነዘና ሙቀጫ

ጡረታ የወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ በመስኮት ውጭ ውጭውን ያያል፤ ሹፌሩ ግን የሚያየው ጣሪያ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ስለኖረ መንገድ ማየት ሰልችቶት ይሆናል የሚሉ አልጠፉም። ነገሩ ሌላ ነው። የመኝታ ቤቱ ጣሪያ በጉድጓድ ተሞልቷል። ክፍሉ መሃል ላይ ያሉት ትልልቆቹ ልስኑን ቦድሰው ሲሚንቶውን አጋልጠውታል። ከአልጋው ራስጌ በላይ ደግሞ የጣት ጫፍ የሚያክሉ ትንንሾች አንድ ላይ ተጠጋግተው ይታያሉ። ሁሉንም የቆፈረችው ሟች ሚስቱ ናት፤ መሣሪያዋም የመጥረጊያ እንጨት ነበር።

ሚስቱ ነርስ ነበረች። ፎቁ ላይ ያለው ሰው ሁሉ «ሲስተር» ነበር የሚላት። የሌሊት ተረኛ ስለነበረች ሆስፒታል አድራ ጠዋት ትመጣለች፣ መጋረጃውን ትዘጋለች፣ ጆሮዋን በሻሽ ጠቅልላ ትተኛለች። ልክ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋት ከላይኛው ቤት ይጀመራል፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም።

የላይኛዋ ጎረቤት የአራት ወንዶች ልጆች እናት ነበረች። አራት ጎረምሳ የሚቀልብ ሰው ነጭ ሽንኩርት ቢወቅጥ አይፈረድበትም። ችግሩ ሙቀጫው ላይ ነበር። ከእናቷ የወረሰችው፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ለመሬት ቤት እንጂ ለፎቅ ያልታሰበ ሙቀጫ ነው። ዘነዘናው ባረፈ ቁጥር የእነ ሹፌሩ አምፖል ይወዛወዛል። ሲስተር ሴትዮዋን «እመት ዘነዘና» ብላ ስም አወጣችላትና ስሙ በዚያው ጸደቀ።

ሲስተር ታዲያ ዝም የምትል ሴት አልነበረችም። ሻሿን እየጎተተች ከእንቅልፏ ትነሣና አልጋው ላይ ትቆማለች። በመጥረጊያው እንጨት ጣሪያውን ቧ! ከላይ ለአፍታ ጸጥ ይላል። ከዚያ አንድ ምት፣ «ሰምቻለሁ፤ ምን ይጠበስ?» የሚል ዓይነት፣ ዱም! ቀጥሎ ውቀጣው ለስለስ ብሎ ይቀጥላል። ሹፌሩ የዕረፍት ቀኑ ከሆነ ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ ስቦ ይስቃል።

«ትስቃለህ?» ትለዋለች፤ «አንተማ ምን አለብህ፣ ጡሩምባ ያደነቆረህ!»

ሁለቱ ሴቶች ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ነበር። ልጆቻቸው አብረው ትምህርት ቤት ሄዱ፣ አብረው ኩፍኝ ያዛቸው፤ እናቶቹ ግን በጣሪያና በወለል ካልሆነ በቀር አልተነጋገሩም። እንዲህ ያለ ጦርነት ዛሬ የት ይገኛል? አሁን ሰው ጎረቤቱን ከመጥላቱ በፊት ስልኩን ያወጣና ለአስተዳደሩ ያመለክታል።

በኋላ ሲስተርን እግሯ ከዳት። ስንቱን በሽተኛ ደግፋ ያስኬደች ሴት ከአልጋ ወደ ወንበር ለመሻገር የሰው ትከሻ የምትፈልግ ሆነች። ልጃቸው ያን ጊዜ ሌላ ከተማ ትማር ነበር። ሹፌሩ ጠዋት ቁርሷንና ክኒኗን ራስጌዋ አስቀምጦ ወደ ሥራ ይሄዳል፤ ልቡ ግን ቤት ይቀራል። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ እንዲህ አለችው፤

«ይሄን የመጥረጊያ እንጨት አስረዝምልኝ። እንደተኛሁ ጣሪያው ጋ ይድረስልኝ።»

«እመቤቴ፣ ታመሽም ጦርነት?»

«አንተ ዝም ብለህ አስረዝም።»

የመወልወያውን እንጨት ከመጥረጊያው ጋር ገጠመ፤ ከጋራዥ ባመጣው ሽቦ ጠፍንጎ አሰረው። እልኋ ካለ እሷም አለች ማለት ነው ብሎ ደስ አለው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ «ዛሬስ ከእመት ዘነዘና ጋር እንዴት ዋላችሁ?» ይላታል። እሷም ትተርካለች። ዛሬ እንዲህ ብትመታ እንዲህ መለስኩላት፣ ነገ ደግሞ ዋጋዋን ታገኛለች። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ።

ከዚያ ሲስተር ሞተች።

የላይኛው ቤትም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸጥ አለ። እመት ዘነዘና ቀብር ውላ፣ አልቅሳ፣ ምግብ አምጥታ፣ ለወጉ የሚሆነውን ሁሉ አድርጋለች፤ ሙቀጫዋ ግን ድምፁ ጠፋ። ሹፌሩ ይሄን በክፉ ተረጎመው። «አሃ፣» አለ ለራሱ፣ «እስከዛሬ የምትወቅጠው ለነጭ ሽንኩርቱ ሳይሆን ለእልኋ ኖሯል። ጠላቷ ስትሞት ጦሯን ሰቀለች።» ደረጃ ላይ ሲያያት እርከኑን የሚቆጥር ይመስል አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። የሚገርመው ግን ቤቱ ጸጥ ባለ ቁጥር እንቅልፍ እየራቀው ሄደ። ለዚህ ነው ጣሪያ ጣሪያ የሚያየው። እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ያ የሻሽ ጫፏ፣ ያ ቁጣዋ፣ ያ እጇ አለ። ከልብሷና ከፎቶዋ ይልቅ እሷን እሷን የሚለው እሱ ነበር።

ልጁ ወልዳ ልትታረስ እሱ ጋ መምጣቷ ከተቆረጠ በኋላ በስልክ ያመጣችው ሐሳብ ስለዚህ አልተዋጠለትም።

«አባዬ፣ ጣሪያውን ድምፅ በማያሳልፍ ነገር እናሸፍነዋለን። ባለሙያ አግኝቻለሁ። ፎም አስገብቶ በጂፕሰም ይዘጋዋል፤ ሁለቱንም መኝታ ቤት።»

«ሴትዮዋ እኮ መውቀጥ ትታለች።»

«ዛሬ ብትተው ነገ ትጀምራለች። የልጅ ልጆቿ ሲመጡ ደግሞ ፈረስ ጉግስ ነው። ያን ጊዜ እኔ እንዴት እንዳጠናሁ ረሳኸው? ደግሞ ወንፊት የመሰለ ጣሪያ ሥር ልጄን አላስተኛም።»

ምን ይበላት? ጉድጓዶቹ ከተሸፈኑ እናትሽ ሁለተኛ የምትቀበር ይመስለኛል ይበላት? አራስ ልጅ ይዛ ለምትመጣ ሴት እንዲህ አይባልም። «እሺ» አለ። እሺ ካለ በኋላ ግን የማያውቀውን ሰበብ ሁሉ ተማረ። አንዴ እርጥበት አለ፣ አንዴ ቀለሙ ይታሰብበት፣ አንዴ ወገቤን። ልጅቷ ሕፃኗን ታቅፋ ገብታ፣ ሻንጣዋን ሳትፈታ፣ ባለሙያውን ራሷ ጠራችው።

ባለሙያው ረጋ ያለ፣ ፀጉሩ ላይ የጂፕሰም ዱቄት የማይጠፋ ሰው ነው። የብረት ዘንጎቹንና ጥቅል ፎሞቹን ኮሪደሩ ላይ ደረደረ፤ መሰላሉን የሹፌሩ መኝታ ቤት ውስጥ ተከለና ቀና አለ።

«አባባ፣ ይሄ ጣሪያ ምን መቶት ነው?»

«ሚስቴ» አለ ሹፌሩ።

ባለሙያው ይስቅ አይስቅ ግራ ገባው። ድሪሉን አስነሣና በግድግዳው ጥግ የመጀመሪያውን ብረት ማሰር ጀመረ። ጩኸቱ ሕንፃውን አናወጠው፤ ሹፌሩም ኩሽና ገብቶ ፊቱን ወደ ቧንቧው አዞረ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ልጅቷ ስትከፍት የላይኛዋ ሴትዮ ነጠላ ጫማ እንዳደረገች ቆማለች።

«ይቅርታ፣ ጫጫታው...» አለች ልጅቷ።

«ግድ የለም የኔ ልጅ። እንኳን ማርያም ማረችሽ። ከእግሬ ሥር ሲሰረስር ጊዜ ምን እያደረጋችሁ ነው ብዬ ነው።»

ድሪሉን ተከትላ እስከ መኝታ ቤቱ በር ሄደች። መሰላሉን አየች፣ ጂፕሰሙን አየች፣ ከአልጋው ራስጌ በላይ ቀና አለች። ከዚያ የበሩን መቃን ያዘች።

«እነዚህንም ልትሸፍኗቸው ነው?»

ሹፌሩ ከኩሽና ወጥቶ ከኋላዋ ቆሟል። የቆየ ቂሙ አፉን አሳከከው። «ለእርስዎ ምን ይጎድልብዎታል? እርስዎ እንደሆነ ጦርነቱን አሸንፈዋል።»

ሴትዮዋ ዞረች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«የምን ጦርነት፣ ጋሼ? ከታመመች ወዲህ መች ጦርነት ነበረ? እነዚያ መሃል ያሉት ትልልቆቹ የጠብ ናቸው፤ አልክድም። እነዚህ ትንንሾቹ ግን የሰላምታ ናቸው።»

ድሪሉ ቆመ።

«የታመመች ሰሞን» አለች ሴትዮዋ፣ «እንዳልረብሻት ብዬ መውቀጥ ትቼ ነበር። ልጠይቃት ወረድኩ፤ እርስዎ ሥራ ላይ ነበሩ፣ በሩ ግን አልተቆለፈም ነበር። ገና ስታየኝ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ለምን ተውሽው? ዝም ስትይኝ ሞቼ የተቀበርኩ መሰለኝ› አለችኝ። ከዚያ ቁልፍ ሰጠችኝና ተስማማን። ጠዋት እርስዎ ሲወጡ በዘነዘናው አንዴ እመታለሁ፤ አደርሽ ወይ ማለቴ ነው። እሷ በረጅሙ እንጨት አንዴ ትመልሳለች፤ አለሁ ማለቷ ነው። ካልመለሰች ወርጄ እከፍታለሁ። ወድቃ ያነሣኋት ቀንም አለ።»

«ለእኔስ?» አለ ሹፌሩ። «ለእኔ እኮ ማታ ማታ ጠቡን ትነግረኝ ነበር። እንዲህ መታች፣ እንዲህ መለስኩ...»

«ፈጥራ ነዋ! እዚህ ቁጭ ብለን አብረን ነበር የምንፈጥረው። ልንገረው ብላት እንቢ አለችኝ። ‹ታረቅን ካልኩት በምን ይስቃል? ቀኑን ሙሉ ሲሳቀቅልኝ ይውላል፤ ማታ የምሰጠው የቀረኝ ነገር እሱ ነው› አለችኝ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ፎቁ ሙሉ የሰማውን ድምፅ፣ ሥሩ የሚተኛው ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ኖሯል። ሹፌሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ያን ሁሉ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ያለፋት ሴት ፊት እንደ ልጅ አለቀሰ።

ትንሽ ቆይቶ፣ «ታዲያ ለምን ተዉት?» አላት። «ከሞተች ወዲህ ለምን አይወቅጡም?»

«ማን ይመልስልኛል ብዬ ልውቀጥ? አሁን የምፈጨው በማሽን ነው። ማሽን መልስ አይፈልግም።»

ልጅቷ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ እንደያዘች አባቷን ታየዋለች። «ለምን እንደማትፈልግ አልነገርከኝም እኮ፣ አባዬ።»

«አራስ ነሽ ብዬ ነዋ።»

«አራስ ነኝ እንጂ ድንጋይ ነኝ?» አለችና ዓይኗን በሕፃኗ ፎጣ ጠረገች። ከዚያ ወደ ባለሙያው ቀና አለች። «ይሄን ክፍል ተወው ወንድሜ። ያሰርከውን ብረት ፍታውና የእኔን ብቻ ሥራልኝ።»

«የዚህን ጣሪያ ጉድጓድ ግን ልሙላው?» አለ ባለሙያው።

«አትንካው!» አሉ ሹፌሩና ሴትዮዋ እኩል።

የልጅቷ ክፍል ጣሪያ ነጭ፣ ልሙጥና ጭምት ሆኖ አለቀ። ባለሙያው ከላይ መድፍ ቢተኮስ አይሰማም ብሎ ምሎ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ሹፌሩ ዓይኑን ገልጦ ጣሪያውን ያይ ነበር። ብርሃኑ በመጋረጃው ጠርዝ ገብቷል። ከላይ አንድ ምት መጣ።

ዱም።

ብድግ አለ። ረጅሙ እንጨት ሲስተር ከሞተች ጀምሮ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አልተነሣም። አወጣው፤ ሽቦው ዝጓል ግን ይዟል። ከዚያ በእሷ በኩል ተኛ። በዚያ በኩል ተኝቶ አያውቅም፤ ከእሷ ትራስ ላይ ሲታዩ ጉድጓዶቹ ልክ ፊት ለፊት መሆናቸውን ያየው ገና አሁን ነው። አዲስ ጉድጓድ ላለማበጀት እጁን አረጋግቶ ከእሷ ትንንሾች አንዱን መረጠና መታ።

ቧ።

ከላይ ለአፍታ ጸጥ አለ። ምን እየሆነች እንደሆነ አላያትም፤ አላስፈለገውምም። ከዚያ ሙቀጫው እንደ ድሮው ጀመረ፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም፤ አምፖሉም ተወዛወዘ።

የልጅቷ ክፍል ጣሪያ እንደተባለው ምንም አላሳለፈም። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለውን ግድግዳ ግን ያሰበው ሰው አልነበረም። ሕፃኗ ነቅታ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ተከትሎም ግድግዳው በጫማ ታኮ ተደበደበ፤ ቧ! ቧ! ቧ!

«አባዬ! ሰው ተኝቷል እኮ!»

ድምፁ ቁርጥ የእናቷ ነበር። ሹፌሩ እንጨቱን ጎኑ አስተኛና፣ ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ ስቦ ሳቀ።